ጣቴ ምላጩ ላይ አልነበረም

ኤፕሪል 27፣ እሑድ

በመጨረሻ ፀሐይ ወጣች። ከመንገዱ ሁሉ ሣሩን ያላጨደ የኛ ቤት ብቻ ቀረ። ሩፋኤልን ስጠይቀው "ነገ" አለኝ። ባሌ በቀን አንዴ ሳይናገረው የማያድረው ቃል ቢኖር "ነገ" ነው።

ከቅዳሴ መልስ አማቴ ጋሼ ግርማቸው ሽጉጤን ከቤዝመንት ይዘውልኝ ወጡ። በንጹሕ ፎጣ ጠቅልለው። ምላጩ ለመሳብ ስለከበደኝ እንዲያለሰልሱልኝ ሰጥቻቸው ነበር። "ባዶ ነው፤ በይ ሞክሪው" አሉኝ። ተኩስ የምንለማመድበት ሬንጅ ላይ ቢሆን ማንም ሽጉጥ ሲያቀብለኝ መጀመሪያ ከፍቼ አያለሁ። ሕግ ነው። ጋሼን ግን? እሳቸው ባዶ ነው ካሉ በኋላ ከፍቶ ማየት ውሸታም ነዎት እንደማለት ነው። ወደ ግድግዳው አዙሬ ሳብኩት... ሳብኩት እንኳን አይባልም፣ ገና ጣቴን ሳሳርፍ ቀጭ አለ። ስገዛው እንደ ዛገ በር ነበር፤ አሁን ቅቤ። "እጅዎ ይባረክ ጋሼ" ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ሩፋኤል የራሱን አስቀድሞ አሠርቷል። ቢሩክ ወረፋ ይዟል። በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ የተኩስ ውድድር የምንሄደው ሐበሾች ስድስት ነን፤ የሁላችንንም ሽጉጥ የሚነኩልን ጋሼ ናቸው። አገር ቤት ሠራዊት ውስጥ መሣሪያ ሲጠግኑ ነው ያረጁት። ፈረንጆቹ ለዚህ ሥራ ወር ሙሉ ያስጠብቃሉ። እኛ ቤታችን ውስጥ አለን።

ቅዳሜ የወሩ ውድድር ነው። ዓምና ከሴቶች ሦስተኛ ወጣሁ። ዘንድሮ... እንጃ፣ ደስ ብሎኛል ብቻ።

ሜይ 3፣ ቅዳሜ

ባረቀብኝ።

ሜይ 4፣ እሑድ

ትናንት ከአንድ ቃል በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ልጻፈው።

ተራዬ ደርሶ ቆምኩ። ዳኛው "ሜክ ሬዲ" አለኝ፤ አጉርሺ ማለቱ ነው። ጥይት የሞላውን ካርታ ከተትኩ። አቀባበልኩ፤ ስላይዱን፣ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት፣ ወደ ኋላ ስቤ ለቀቅኩት። ስላይዱ ሲዘጋ ጧ! አለ። ጥይቱ እግሬ ሥር ማለት ይቻላል፣ መሬቱን ቆፈረው። ጠጠር ጉንጬን መታኝ።

ጣቴ ምላጩ ላይ አልነበረም። እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ብሎ ከላይ ጎኑ ላይ ነበር። እዚህ ማን ያነብበዋል ብዬ ነው የምዋሸው? አልነበረም!

ዳኛው ሽጉጡን ባዶ ካስደረገኝ በኋላ በደህና አነጋገር ጠየቀኝ። ምላጩን የነካው ሰው አለ ወይ? አፌን ከፈትኩ። ጋሼ ከኋላዬ በታጣፊ ወንበራቸው ላይ ባርኔጣቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። ምን ብዬ ልጀምር ስል ሩፋኤል ቀደመኝ። "ኖ ሰር፣ ኢትስ ስቶክ።" እንደተገዛ ነው። ማንም አልነካውም። የገዛ ባሌ!

ማንም ካልነካው ታዲያ ጥፋቱ የማን ሆነ? የጣቴ። ከውድድሩ አስወጡኝ። ሽጉጤን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ሰው ሁሉ እያየኝ ወደ መኪናችን ሄድኩ። ሕጉ ነው፣ በዳኛው አልፈርድም። መንገድ ላይ ጋሼ ከፊት ወንበር ዞር ብለው "አይዞሽ ልጄ። ሴት ስትደነግጥ ጣቷ ብቻውን ይሄዳል። ይለመዳል" አሉኝ። ሩፋኤል መንገዱን ነበር የሚያየው። ሰባ አንድ ቁጥር ፍሪዌይ እንደዚያ ተተኩሮ ታይቶ አያውቅም።

ዛሬ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰሐኔን ይዤ ገና ሳልቀመጥ ቢሩክ ከዚያ ማዶ ጮኸ። "ወሰኔ! ጣትሽ እንዴት ነው?" አዳራሹ ሳቀ። ከመቼው ተወራ? ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ ከሰው ክንድ ላይ ደም ስር ፈልጌ ደም ስቀዳ የምውል ሴት ነኝ። ደም ስራቸው የጠፋ አሮጊቶች "ወሰንየለሽ ትምጣልን" ነው የሚሉት። የኔ ጣት ነው ብቻውን የሚሄደው?

ሩፋኤልም ሳቀ። ትንሽ ነው የሳቀው። ግን ሳቀ።

ሜይ 6፣ ማክሰኞ

"ለምን ዋሸህ?" አልኩት።

"ምን ልበል? አባባ እዚያው ተቀምጦ?"

"እኔስ እዚያው አልቆምኩም?"

"አንቺ... ያንቺ ይረሳል ወሰኔ። እሱ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። እዚህ አገር ምን አለው? እንግሊዝኛ የለው፣ መኪና አይነዳ። ሰው ጋሼ የሚለው በእጁ ሥራ ነው።"

የሳቸው ስም ስም ነው። የኔስ ምንድነው? ቅጽል ስም? ይሄን ስለው "ድምፅሽን ቀንሺ፣ ታች ይሰማል" አለኝ። ይሰማ! ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ግን... ቀነስኩ። ያበሸቀኝም እሱ ነው። መቀነሴ።

ሜይ 9፣ ዓርብ

ሥራ ላይ ነበርኩ። የአንድ ሽማግሌ ክንድ ይዤ መርፌውን ሳዘጋጅ ድንገት መጣብኝ። የኔ በጣቴ ካልባረቀ በሥራው ነው የባረቀው። የኔን የሠሩት እጆች ደግሞ የሩፋኤልንም ሠርተዋል።

እስካሁን ስለ ስሜ ስነድ ይሄ እንዴት አልታየኝም? የሱን አፎቱ ውስጥ ከትቶ ወገቡ ላይ ይዞት ይሮጣል። ቢባርቅበት ጥይቱ ጭኑ ውስጥ ነው የሚገባው። ጭን ላይ የሚያልፈውን ትልቁን ደም ስር እኔ አውቀዋለሁ። እዚያ ላይ የተመታ ሰው አምቡላንስ አይጠብቅም።

ሜይ 10፣ ቅዳሜ

ጋሼ ለማኅበር ወጡ፣ ሩፋኤል ዌርሃውስ ኦቨርታይም ገባ። ሁለቱንም ሽጉጦች ይዤ ቤዝመንት ወረድኩ።

ባዶ መሆናቸውን አየሁ። ደግሜ አየሁ። ከዚያ እርሳስ በላጲሱ በኩል በአፈሙዙ አስገባሁ። መቺው፣ ጥይቱን የሚመታው ብረት፣ ከወደቀ እርሳሱ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ስላይዱን ሳብኩ፣ ጣቴን አርቄ ለቀቅኩት። ምንም። እንደገና። ምንም። እንደገና... እርሳሱ ዘሎ ግድግዳው ላይ ተላተመ። ጣቴ የት ነበር? ስልኬ እየቀረጸ ነው፣ ይታያል።

ሁለቱን ሽጉጦች እያፈራረቅኩ ሞከርኩ። የሩፋኤል የባሰ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ነው እርሳሱ ጣራ የነካው።

ውስጡ እንዲህ ነው። አንድ ጥርስ ሌላውን ነክሶ መቺውን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ ምላጭ ስንስብ ያ ንክሻ ይለቃል። ምላጩ እንዲለሰልስ ጥርሶቹን በሞረድ ትንሽ ማሳሳት ነው። ትንሽ! ከበዛ ንክሻው ጸጉር ያህል ይቀራል፣ ስላይዱ በኃይል ሲዘጋ በንዝረቱ ብቻ ያመልጣል። አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ አይዝም። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ሁልጊዜ ቢባርቅ ማን ይዞት ይወጣ ነበር?

ይሄን ፍተሻ የትኛውም ባለሙያ ሽጉጡን ከመመለሱ በፊት ያደርገዋል። የተቀበለም ሰው ያደርገዋል። እኛ ግን "እጅዎ ይባረክ" ብለን ተቀበልን።

የጋሼ የሥራ ጠረጴዛ ላይ አምፖሎቹ ሦስት ሆነዋል። ድሮ አንድ ነበር። አጉሊ መነጽርም ተጨምሯል።

ሜይ 11፣ እሑድ

ቪዲዮውን ለሩፋኤል አሳየሁት። አየ። መልሶ አየ። "ለአባባ እንዳታሳዪው" አለኝ።

ስለ እግሩ አልጠየቀኝም። ስለ ጣቴም አንድ ቃል የለም። ለአባባ እንዳታሳዪው!

"ያንተስ?"

"የኔ ባርቆ አያውቅም።"

"የኔም እስከዛች ቅዳሜ ባርቆ አያውቅም ነበር።"

"እሺ፣ ግሮቭ ሲቲ አንድ ባለሙያ አለ፣ ነገ እወስደዋለሁ።"

ነገ።

ሜይ 14፣ ረቡዕ

ራሴ ወረድኩ። "ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይችን ይዩልኝ" ብዬ ስልኬን ዘረጋሁ። አልተቀበሉኝም። ፊታቸውን እንኳን አላዞሩም። "መሣሪያ በስልክ አይታይም" አሉ።

"ጋሼ፣ ጣቴ እኮ ምላጩ ላይ..."

"ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ የሻለቃ ጦር መሣሪያ በሙሉ በዚህ እጄ አልፏል።" ከዚያ ሻይ ካለ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። ሻይ! አመጣሁላቸው። ስኳሩንም አማሰልኩላቸው። ደረጃውን ስወጣ በልቤ "አንተ" አልኳቸው። አንተ፣ አንተ፣ አንተ... እስከ ላይ ድረስ። ምንም ባይጠቅምም ቀለል አለኝ።

ሜይ 31፣ ቅዳሜ

የሚቀጥለው ውድድር የዛሬ ሳምንት ነው። ሩፋኤል ሽጉጡን ግሮቭ ሲቲ አልወሰደውም። ለምን? ፈረንጁ ከፍቶ አይቶ "ይሄን ማን ነው ያበላሸው?" እንዳይለው። እኔ ልውሰደው ስል የሽጉጦቹን ሳጥን ቁልፍ ደበቀብኝ። ሞርስ ሮድ አስቤዛ ስገዛ ሐሳቤ ቁልፉ ጋ ነበር፤ ሽንኩርቱን ከፍዬ እዚያው ካውንተሩ ላይ ትቼው መጣሁ።

ጁን 7፣ ቅዳሜ

ጮህኩ።

ኋላ እንዳልረሳው እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው። እኔ አልተወዳደርኩም፣ ዒላማ ለመለጠፍ ነው የሄድኩት። ጠዋት መኪና ውስጥ ለመንኩት። "ዛሬን ብቻ ተው።" ጋሼ ከፊት ተቀምጠዋል፣ እሱም "ስማችንን አታስጠፊ" አለኝ።

ተራው ደረሰ። ቆመ። ጋሼ ከኋላ በወንበራቸው፣ ቢሩክና ሌሎቹ ጎናቸው። ዳኛው ያው የኔው ዳኛ ነው። "ሜክ ሬዲ" አለ። የሩፋኤል እጅ ወደ ካርታው ሲሄድ አየሁ። አፈሙዙ ወደ ታች ነበር፤ እግሩ እዚያው ነበር።

"ስቶፕ!" አልኩ። እንዴት ያለ ድምፅ እንደወጣኝ! ሬንጅ ላይ ስቶፕ ማንም ይበለው፣ ሁሉም ሰው ባለበት ይቆማል። ቆመ።

ዳኛው ዞረ። "ባለፈው ባሌ የነገረህ ውሸት ነው" አልኩት በእንግሊዝኛ። "ሁለቱንም ሽጉጥ የሠራው አባቱ ነው። ባዶ አድርገህ ፈትሸው።" ሩፋኤል "ወሰኔ፣ ፕሊስ" ይለኛል። ፕሊስ!

ዳኛው ሽጉጡን ተቀበለ። ባዶ መሆኑን አየ። ስላይዱን ስቦ ለቀቀው። ያዘ። ደገመው። ያዘ። ሰው ሁሉ እኔን ያያል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አምልጥ፣ አምልጥ ብዬ ጸለይኩ። ሲሠልሰው... ቀጭ። ትንሽ ድምፅ ናት። ሁሉም ሰማት።

ዳኛው ሽጉጡን አገላብጦ አየው። ከዚያ ሩፋኤልን፣ "የሷን ስቶክ ነው ብለኸኝ አልነበር?" አለው። ባሌ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ሜይቢ ማይ ዳድ ክሊንድ ኢት አ ሊትል።"

አጸዳው! ትንሽ አጸዳው!

ጋሼ ተነሡ። ወንበራቸውን አጠፉ፤ ማጠፊያው አልገኝላቸው ብሎ ትንሽ ታገሉት። ማንም አልረዳቸውም፤ እኔም አልረዳኋቸውም። ብቻቸውን ወደ መኪናው ሄዱ።

ቤት ስንገባ ሩፋኤል "አባቴን በቁሙ ቀበርሽው" አለኝ።

"አንተን እንዳልቀብር ነው" አልኩት። ትራሱን ይዞ ሳሎን ሄደ።

ጁን 8፣ እሑድ

ቢሩክ ኮል አደረገኝ። "ወሰኔ፣ የትናንቱ እኛው ጋ ይቅር። ሽማግሌ ናቸው፣ ነውራቸው ይሸፈን። ሁላችንም ተነጋግረናል።"

"የኔ ጣት ወሬ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲሰማው የሸፈነልኝ ማን ነበር?"

"እሱማ ቀልድ ነው እንጂ..."

ዘጋሁበት። የራሱን ሽጉጥ ግን ከጋሼ ዘንድ መልሶ ወስዷል፣ ሳይሠሩለት። ያንን ደብቆ፣ በዝምታ። እኔን ግን ዝም በይ ይለኛል።

ጁን 12፣ ሐሙስ

ጋሼ ታች ነው የሚበሉት። ሩፋኤል ሰሐን ይዞ ይወርዳል፣ ሰሐን ይዞ ይወጣል። ከኔ ጋር የሚነጋገረው በ"እሺ" ብቻ ነው። የገዛ ቤቴ ውስጥ እንደ ወንጀለኛ ኮቴዬን ቀንሼ እሄዳለሁ። ምን አጠፋሁ? ማን ይንገረኝ?

ጁን 19፣ ሐሙስ

ኩሽና ውስጥ ሰሐን ሳጥብ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ጋሼ ናቸው። "ነገ ሥራ ትገቢያለሽ?" አሉኝ።

"አልገባም ጋሼ።"

"ዓይን ሐኪም ጋ ትወስጂኛለሽ?"

ልጃቸው ሳሎን ተቀምጧል። እሱን አልጠየቁም።

ጁን 20፣ ዓርብ

ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች እንዲያነቡ ጠየቃቸው። ፊደሎቹን አገር ቤት ተምረዋቸዋል፣ ያውቋቸዋል። ከታች ጀመሩ፣ የለም። ወደ ላይ፣ የለም። ትልቋን ብቻ ለዩ። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ አለ፤ የቀኙ በጣም ገፍቷል። ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ። እኔ ሳስተረጉም ድምፄ ደረቅ ነበር፣ ሆነ ብዬ።

ስንመለስ ሞርስ ሮድ ላይ ቀይ መብራት ያዘን። ጋሼ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ "ጥርሱን በጥፍሬ እየዳሰስኩ ነበር የምሞርደው" አሉ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከገና።"

ከገና! ሦስት አምፖል ያበሩት ሰው! በስልክ አይታይም ያሉኝ ሰው! ያኔ ስልኩን ቢቀበሉኝም አያዩትም ነበር ለካ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጥሩምባ ይነፉብኛል፤ እኔ መኪናውን አቁሜ ጮህኩባቸው። "ባሌን ሊገድሉት ነበር እኮ! ልጅዎን!" በሕይወቴ እሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

"አውቃለሁ" አሉ።

ሌላ ምንም አላሉም። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣቸውም። እስከ ቤት እየተናደድኩ ነዳሁ። ስንደርስ ግን ደረጃው እንዳያዳልጣቸው ክንዳቸውን ያዝኩ፤ በዚህም ተናደድኩ።

ጁን 22፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ነን። የጾም ሽሮ ቀርቧል። እትዬ ፅጌረዳ፣ የሴቶቹን ማኅበር የሚመሩት፣ በአጠገቤ ሲያልፉ ትከሻዬን መታ አድርገው "እንዴት ነው፣ ያቺ ጣትሽ ዳነች ወይ?" አሉኝ። ጠረጴዛው ሳቀ። ሁሉን ያየው ቢሩክ ሰሐኑ ውስጥ አቀረቀረ። ባሌም ሰሐኑ ውስጥ አቀረቀረ። ሽሮ እንዲህ ተፈልጎ አያውቅም።

ጋሼ ከሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ተነሡ። አዳራሹ ዝም እስኪል ቆሙ።

"ፅጌረዳ፣ የሷ ጣት ደህና ነው። የታመመው የኔ ዓይን ነው" አሉ። "ሽጉጡን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ባርቆባት ስትባረር ልጄ ስለ እኔ ብሎ ዋሸ። ስቶክ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰምቼ ዝም አልኩ።"

ሩፋኤል ፊቱ ቀልቶ "አባባ፣ ይብቃ" አለ።

"አይበቃም" አልኩ እኔ። "ይጨርሱ።"

ጨረሱ። የሠሩላቸውን ሁሉ በስማቸው እየጠሩ ሽጉጣቸውን ባለሙያ ጋ እንዲወስዱ ነገሯቸው። ዛሬውኑ፣ አሉ። ቁጭ አሉ። እትዬ ፅጌረዳ ዳቦ ቆርሰው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

ቤት ስንገባ ሩፋኤል ልብሱን ሳይቀይር ሣሩን አጨደ። ማንም ሳይነግረው። በመስኮት አየሁት። እሱም ጥፋቱን በአፉ ይንገረኝ፣ ሣር አይበቃኝም። ቪዲዮውን አይቶ ስለ ጣቴ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ያለፈውን ቀን አልረሳውም።

ወደ አመሻሹ ጋሼ ከታች መጡ። ከሳጥኑ ያወጡትን ሽጉጤን በፎጣ ይዘዋል። "ባለሙያው ጋ ውሰጂው። ጥርሶቹን አዲስ ያስገባልሽ" አሉና ዘረጉልኝ። በሁለት እጃቸው። እሳቸው፣ ለኔ። "ባዶ ነው" አሉ።

ተቀበልኩ። ቦርሳዬ ውስጥ አልከተትኩትም። እዚያው ፊታቸው ቆሜ ስላይዱን ወደ ኋላ ሳብኩ፣ ውስጡን አየሁ። ጆሮዬ ጋለ። ባዶ ነው።

"ደግመሽ እዪ" አሉኝ።

ደግሜ አየሁ።